ደቻቱ ማዶ

በየአምስት ደቂቃ ሳጥኖቹን ስጠራ፣
«አለሁ» ይላል ሳቢያን፣ «አለሁ» ይላል ከዚራ።
ገንደ ቆሬ ያለው ሳልጠራው ይጮሃል፤
ሰባ አንድ ዲግሪ፣ ማራገቢያው ሞቷል።
ወንበሬን ሳልለቅ አንድ መስመር ጻፍኩለት፣
ተጠባባቂው ዞረ፣ ትንፋሽ መለሰለት።

የደቻቱ ማዶው አረንጓዴ በርቶ፣
ዘበኛው ሮብሌ ደወለልኝ ፈርቶ፦
«ዝናቡ ደንገጎ ነው፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቷል፤
አሸዋው ግን» አለኝ፣ «ከሩቅ ያጉረመርማል።»

ማሳያዬ ላይ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፤
ለውሃ ቁጥር ሰጥተን አልመዘገብንም።

በሩን ከሩቅ ዘጋሁ፣ መንገዱን አዞርኩኝ፣
ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ ከሳጥኑ ጠበቅኩኝ።
«አለህ?»
ዝም።
«አለህ?»
ዝም።

ስልኩን አነሳሁና ዘበኛውን ጠራሁ።
«አለህ?»
«ጣራው ላይ ነኝ» አለኝ። «እርጥብ ነኝ። አለሁ።»