አንድ መስመር ለአትጠገብ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፤ መስከረም ፮፣ ፲፱፻፺፰

ምንይችል ልጄ ሆይ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ?
ዝናብ አያልቅበት ያሉት ያ አገርህ፣
(ያንተ አገር እንኳ አይደል፤ እጄ አዳልጦት ነው፤
ስርዙን ሳትቆጥር እንዲያው አንብበው)
ላይቤሪያ እንዴት ነው?

እናትህ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ነው ብቻ
ዝናቡን የሚያውቀው ከሰማዩ ቀድሞ።
"ይበላ እንደሆነ ጠይቅልኝ" ብላ
ከጓዳ ትጮኻለች ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ።

ሐይቁ ሞልቷል ዘንድሮ። የወደቡን ደረጃ
ሦስቱን ብቻ ትቶ ውኃው ውጦታል።
ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣
ጆሮዬ ግን ዛሬም ሞተር ይሰማል።
ሌሊት ብንን ስል፣ "ዘይት ጎድሎበታል፣
ሦስተኛው ፒስተን ታሟል" እላለሁ ለራሴ፤
እናትህ ዞር ብላ፦ "ሞተር ወዴት አለ?
ማንኮራፋትህ ነው፤ ተኛ በሥላሴ!"

የላክኸው ገንዘብ ደርሷል። ጣሪያው ተለውጧል።
ባልዲው ሥራ ፈቶ ከጥግ ተቀምጧል።

ፎቶህን አየሁት። ሰማያዊ ቆብህ
ጥሩ ነው፤ ይሞቃል? ፊትህ ከስቶብኛል።
ከጎንህ የቆመው ያ ሕፃን የማን ነው?
እጅጌህን ይዞ ካሜራውን ያያል።
ጠመንጃ ያነገተ ስንት ሰው ባየ ዓይኑ
አንተን አለመፍራቱ እኔን ያስገርመኛል።

ከጾረና የመጣህ ሰሞን፣ ታስታውስ እንደሆን፣
የመርከቡ ጡሩምባ ገና ከሩቅ ሲነፋ
አልጋ ሥር ትገባ ነበር። እኔ ለካፒቴኑ
ነግሬው፣ ሁለት ወር፣ ከጣና ጡሩምባ ጠፋ።
ይህን ነግሬህ አላውቅም።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ።
ወይዘሮ አትጠገብ፣ የይበልጣል እናት፣
ደብዳቤህ መምጣቱን ከመንደር ላይ ሰምታ
ነጠላዋን ደርባ ትመጣለች ማታ።
ከበርጩማው ላይ ሆና "አንብበው" ትላለች፤
አነባለሁ። ሳበቃ፣ "ይኸው ነው?" ትላለች።

በአንድ መኪና ነበር የወጣችሁት።
አንተ ተመለስክ፤
እሷን የደረሳት ባለ ማኅተም ወረቀት።

አንድ ቀን "ይኸው ነው" ብያት አየሁ ፊቷን።
ከዚያ ወዲህ፣ ልጄ፣ ያንተ ጽሑፍ ሲያልቅ
ከግርጌው ባዶ ላይ ነጩን አነባለሁ፦
"ለእማማ አትጠገብ ሰላም በሉልኝ፤
ይበልጣልን በሕልሜ አልፎ አልፎ አየዋለሁ፤
በዚያ በብርዱ ሌሊት ፎጣውን አልብሶኝ…"
እንዲህ እያልኩ እቀጥላለሁ።
ሰባት ደብዳቤ ነው። ሰባት ውሸት ሆነ።

ባለፈው ልትወጣ፣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣
"መካኒክ" አለችኝ፣ "ልጅህ ሲጽፍ ጊዜ
ቁርጥ እንዳንተ ነው አነጋገሩ።"
ሌላ ምንም አላለች። ዘግታልኝ ሄደች በሩን።

ዜናው በሬዲዮ "ሰላም አስከባሪ" ይላችኋል፤
እኔ የምለምንህ ያን ትልቁን አይደለም፤
ከአጥር ወዲያ ላለች ለአንዲት ሴት ብቻ፣
በራስህ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር ሰላም።
ካልሆነልህ ደግሞ ስሙን ብቻ ጻፈው፤
ጣቴን ከሥሩ አድርጌ ለሷ ላሳያት።
ፊደል ባትቆጥርም የስሙን መልክ ታውቃለች፤
ከዚያ ከባለ ማኅተሙ ላይ ስታየው ኖራለች።

እናትህ መጣች። "ይበላል ወይ" ጽፌያለሁ።

አባትህ ፈንቴ

ረስቼው፦ የመርከቡ ካፒቴን ተቀይሯል፤
አዲሱ ልጅ ጡሩምባ እጅግ ይወዳል።
የምትመጣበትን ቀን ቀደም ብለህ ጻፍልኝ፤
ሄጄ አነጋግረዋለሁ።