አቃፊ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
«ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል ሰሌዳ አለ፣ ግማሹ የማይነበብ።
ጋሽ ሀመሶ ሲያርፍ ልጆቹ ቁልፉን ሰጡኝ፤
«ስድስት ዓመት አብረሽው ሠርተሻል፣ አንቺው ያዥው» አሉኝ።
ያዝኩት።

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ እንደ አሮጌ አይሱዙ ነው፣
ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት እንደጠበቀው ሰው።
ሲበራም ገጹ አይታይ፤ ያ የጀርባው ሥዕል፣
ያ ሀይቁ፣ ያ ጀልባው፣ ተውጧል በፋይል፦
«ደብዳቤ»፣ «ደብዳቤ ሁለት»፣ «ደብዳቤ የመጨረሻ»፣
«የእውነት የመጨረሻ»፣ «አታጥፊ»፣ «ማስታወሻ»፣
«አዲስ ፎልደር»፣ በሆዱም ሌላ «አዲስ ፎልደር»፣
በዚያም ሆድ አንድ ሠርግ፣ አንድ ካርታ፣ የአንድ እድር
መተዳደሪያ ደንብ፣ ግድፈቱ ያልታረመ።

አሞራ ገደል ወርዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤
ዓሣ አጥማጁ ሲያራግፍ አባ ኮዳው ይቆማል፣
እግር በእግር፣ ክንፍ በክንፍ፣ መርገጫ እስኪጠፋ፤
እንደዚያ ነው ዴስክቶፑ፣ ፋይል በፋይል ሲጋፋ።

የወንድሜ ልጅ መጣ፣ ፍላሽ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣
«አክስቴ፣ ይሄ ነፃ ነው» አለኝ፣ ወንበሬን ነጥቆ ተደላድሎ።
«የተሰረቀ ነው?» አልኩት። ልማዳችንን አውቃለሁ፤
በተሰበረ ቁልፍ በር ስከፍት ኖሬያለሁ።
«አይ፣ የተሰጠ ነው። የሠሩት ሰዎች ፈቅደው፣
ሆድ ዕቃውን ሳይቀር ገልጠው፣
እዩት፣ ቅዱት፣ ካልተመቻችሁ አርሙት ብለው።»
ድግስ የሌለው ደቦ! ማን እንደሆኑ አላውቅም፤
ስማቸው ከታች ተደርድሯል፣ አንዱንም አንብቤ አልጨርስም።

ገጹ ለሁለት ተከፈለ፣ ግራና ቀኝ ሜዳ፤
ግራው የጋሽ ሀመሶ ጉድ፣ ቀኙ ነጭ፣ ባዶ፣ እንግዳ።
ከላይ ዱካዬን ይጽፋል፣ የት እንዳለሁ፣ በየት እንደገባሁ፤
በሕይወቴም እንዲህ ቢኖር ስንት ጊዜ ባልጠፋሁ።

ፎልደር አይለውም፣ ማኅደርም አይል፣ በአማርኛው፤
«አቃፊ» ነው የሚለው። የተረጎመውን እጁን ይባርከው።
አቃፊ ከፈትኩ ለካርታ፣ አቃፊ ለፍርድ ቤት፣
አቃፊ ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት፣ ለልደት።
መንታ ፋይሎችንም ለቀመልኝ፤ አንድ ስሞታ አሥራ አንድ ጊዜ!
አሥሩን አጠፋሁ፣ ትንሽ በትካዜ።
መብራት ሦስቴ ሄደ፣ ሦስቴም መጣ፤
በአራተኛው ቀን ሀይቁ ከነጀልባው ከፋይል ሥር ወጣ።

ሰኞ እትዬ ፋኖሴ መጣች፣ ከአቶቴ በባጃጅ፤
ነገ ችሎት አለባት፣ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ወዳጅ።
«ያቺን የአጥሬን ወረቀት» አለች። ስሟን ጻፍኩ፣ ፈለግኩ፤
ሦስት ሰከንድ አልሞላም። «ይኸው!» አልኩ፣ ቀና አልኩ።
ምርቃት ጠበቅኩ።

ወረቀቷን አጥፋ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረች፤
«ፈጣን ነሽ» አለች፣ ወንበሩን አየት አደረገች።
«ሀመሶ ግን መጀመሪያ
‹ልጁስ፣ ሳሉ ለቀቀው?› ይለኝና ነው ወረቀት የሚፈልገው።
ብዙ ጊዜም አያገኘው፤
ቁጭ ብሎ እንደገና ይጽፈዋል፣ ቃል በቃል፣ ከራሱ።
አያስከፍለኝም።»

መንታ አልነበሩም ለካ። አሥራ አንድ ምሽት ነበሩ፣
ከማሽኑ ጠፍተው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል የተቆጠሩ።

ቅርጫቱን ገና አልደፋሁትም ነበር።
አንድ በአንድ መለስኳቸው፣ አሥሩንም፣ በአንድ አቃፊ።
ስም ጠየቀኝ። ጠቋሚው ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ ሲል አየሁት፣
ምንም ሳልጽፍ ተውኩት።
«ያልተሰየመ አቃፊ» ይላል እስካሁን።

ፋኖሴ ደጁ ላይ ናት ገና፣ ባጃጅ ትጠብቃለች።
«ልጁስ፣» አልኳት፣ «ሳሉ ለቀቀው?»
ዞር ብላ አየችኝ። ሳቀች።
«ውይ! እሱማ አግብቶ ወልዷል።»