አሮጌ አድርጊልኝ

ሩቬን ካርቶኑን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው፣
ሦስት መቶ ሸሚዝ፣ ከነላስቲኩ፣ ገና እጅ ያልነካው።
«በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ እጅሽን አፍጥኚልኝ፣
ይህን ሁሉ አዲስ፣ እናትነሽ፣ አሮጌ አድርጊልኝ።»

የአርባ ስምንትን እንዲመስል፣ አገሩ የታወጀ ለት
ሰው ከእርሻው እንደወጣ ለብሶት የጨፈረበት፤
ደረቱ ላይ ብርቱካን፣ ትራክተር፣ የውሃ ማማ፣
ሰማያዊው የሸሸ፣ ደጅ ውሎ ያደረ ሸማ።

በድንጋይ ነው የምናስረጀው።
ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ፣
ከሸሚዙ ጋር ማሽን ውስጥ ሲንጓጓ ይውላል።
ከዚያ በረኪና። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣
ኮሌታ ኮሌታውን ክሩ እስኪሳሳ መፈግፈግ።
ራይሳ ከወዲያ ማሽን ጮኻ ትስቃለች፦
«እኔ ያለ ድንጋይ አረጀሁ፣ እኔንስ ማን ይገዛኛል?
በመቶ ሃያ ሼቄል፣ ኧረ በመቶም ይበቃል!»

አባቴ የመጣን ቀን ካኪ ኮት ነበረው፣
ክርኑ ላይ እራፊ፣ በእራፊው ላይ እራፊ ያለው።
ሸማኔ ነው፤ መርፌም ያውቃል፤ የራሱ አወጋግ አለው፦
ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣
እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ።
መቀበያው ማዕከል አንዲት ሴት በጓንት አነሣችው፣
ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ከተተችው፣ አፉንም ቋጠረችው።
«ከዛሬ ጀምሮ አዲስ» አለችን።
ደግ ነበረች፤ ይህን ስል አላሾፍኩም።
አባቴ የሰው ሹራብ ለብሶ፣ እጅጌው ጣቱን ውጦት፣
ስለ ኮቱ አንድ ሳምንት ጠየቀ።
ከዚያ ተወው።

በስምንተኛው ቀን ድንጋዩ በረታና
አንዱን ሸሚዝ ክርኑ ላይ ቦጨቀው።
ከደመወዜ እንዳይቆረጥ ብዬ፣ ቁራጭ ጨርቅ ፈልጌ፣
ማንም ሳያይ ልጥፈው ስል፣ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደ፦
ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም።
ሩቬን አየው። ወደ መብራቱ ወሰደው። ገለበጠው።
«ይሄ!» አለ። «ይሄ ነበር የጎደለው!
ሦስት መቶውንም እንዲሁ። ከየት ተማርሽው?»
«ከአንድ ኮት» አልኩት።
«የታለ ኮቱ?»
መርፌዬን ክር አገባሁበት።

የበዓሉ ቀን ቂርያት መላኪ በከሰል ጭስ ታፍና
ሣሩ ላይ ቦታ ጠፍቶ፣ ባንዲራው በየመኪና፣
አባቴን ባሕር ዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥነው።
አንድ ጎረምሳ አለፈ፤ የሞኝ ባርኔጣ የደፋ፣
ደረቱ ላይ ትራክተር፣ ክርኑ ላይ እራፊ።
«እናትነሽ፣ ይህ ልጅ ሰው የለውም?
አገር በዓል ሲያከብር፣ አዲስ የሚገዛለት የለም?»
ልጄ ኦርታል በሳቅ ፈነዳች፦
«አያ፣ ፋሽን እኮ ነው! አያቶቹን ሊመስል።»
«አያቶቹ እንዲህ ይለብሱ ነበር?»
«ይመስለኛል።»
«ታዲያ የነሱን ማን ጣለው፣
አሮጌ በገንዘብ የሚያሠሩት?»
ኦርታል ሥጋውን ልታገላብጥ ሄደች።

ጎረምሳው ክብሪት ሊለምን ወደኛው ተመለሰ።
አባቴ ክብሪቱን ሰጠው፤ እጅጌውን ግን አለቀቀም።
«የአርባ ስምንት ነው፣ ሳባ» አለ ልጁ በኩራት።
ያን ጊዜ ጄቶቹ መጡ፣ አራት ሆነው፣ ዝቅ ብለው፣
ሜዳው ሁሉ አንጋጠጠ፣ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ፤
አባቴ ብቻ አቀርቅሮ
አውራ ጣቱን በእራፊው ዙሪያ ያስኬዳል፣
ሦስት አጭር፣
አንድ ረጅም፣
ሦስት አጭር፣
ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጩኸቱ አለፈ። ልጁም ሄደ።
አባቴ እኔን አየኝ፣ ብዙ አየኝ፤
ስለ ኮቱ የሚያነሣ መሰለኝ።
«ክሩን» አለኝ፣ «አላጠበቅሽውም።»