አንድ አሸን

ባጃጁ ሲበዛ፣ ሰዉ ሲበዛ፣ ወሬው ሲበዛ፣
"እንደ አሸን ፈላ" እንላለን እንደ ዋዛ።
እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን አንድ ነው፤
ከአንድ ዝናብ መንጋ ሁሉ ተርፎ የቀረው።

ሮብሌ አመጣው፣ በሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልሎ፣
ከካባው እስከ ሳቢያን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አባብሎ።
"በመዶሻ ስከፍለው ውስጡ የተጻፈበት መሰለ፤
ቀጭን ነው፣ ቡናማ ነው፤ አንቺ ታነቢው እንደሆን" አለ።
ዕድሜውን ጠየቀኝ። ዜሮዎቹን ደረደርኩለት በዚያው ወረቀት፤
"ብር ቢሆን" አለ፣ "ካባውን በገዛሁበት።"

ግንቦት ነው። ማራገቢያው ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል።
መብራት ይሄዳል፤ ማይክሮስኮፑ ዓይኑን ይጨፍናል።
ያኔ አጎቴ የለገሃርን ሰዓት ሲጠግን የያዛትን
አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አወጣለሁ፤
ላቤ ድንጋዩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስሬ፣
በመስኮት ብርሃን እቆጥራለሁ።

የፊት ክንፍ፦ ርዝመቱ አሥራ አንድ ሚሊሜትር ከሩብ።
ስፋቱ ሦስት። ጫፉ ክብ።
ራስ፦ ከጎን የተጨፈለቀ። ዓይን፦ የግራው ብቻ።
አንቴና፦ አሥራ ስድስት አንጓ።
አሥራ ሰባተኛ ሳይኖረው አይቀርም፤
ድንጋዩ እዚያ ላይ ተሸርፏል። አልጨመርኩለትም።

ከሚታወቁት በምን ይለያል?
በሦስተኛው የክንፍ ጅማት። እንደ ደቻቱ ነው በበጋ፦
ይመጣል፣ ይመጣል፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣
ጫፍ ሊደርስ ሲል አሸዋ ውስጥ ይጠፋል።
በመጽሐፍ ፈለግሁ፣ በደብዳቤ ጠየቅሁ፣ ሦስት ወር፤
እንዲህ የሚጠፋ ጅማት ያለው ሌላ አልነበር።

ደግሞ ይህ አለ፦
አሸን መሬት ሲነካ ክንፉን ራሱ ይጥላል፤
ሥሩ ላይ ስፌት አለችው፣ በዚያች ይተረተራል።
ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣
አፈር ይምሳሉ ጎጆ ሊወጡ፣ ክንፍ ያለፈ ነገር ተብሎ።
የዚህ ስፌት አልተፈታም።
አራቱም ክንፍ ቦታው ላይ ነው።
አላረፈም ማለት ነው። ጎጆ አልወጣም ማለት ነው።
ሐይቅ ነበር እዚህ፤ ጭቃው ቀደመው።
ይህን በመግለጫው አልጻፍኩም።
"ክንፎች አራት፤ ሙሉ" አልኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም።

ስም ቀረ።
ካባው ድረስ ሄድኩ። ሮብሌ የውሃ ጀሪካኑን ተደግፎ ተቀምጧል።
"ባንተ ስም ልጥራው?" አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው።
"ሮብሌ እኮ በእኛ ቋንቋ ባለ ዝናብ ማለት ነው።
እሱን ደግሞ ዝናብ ነው የገደለው።"
መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።
"ወንድ ነው ሴት?"
"አይታወቅም፤ የሆዱ ጫፍ የለም።"
"በዚያ ነሐሴ ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ
እህቴን ወሰዳት። ኡባህን። በሬዲዮ ቁጥር ነበረች ኋላ።
ስሟ አለ፤ ገላዋን አላገኘንም።
የዚህ ገላው አለ፤ ስም የለውም።"
ሌላ አልተናገረም።
ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋይ ዋጋ አወራን።

ማታ ጻፍኩት፦ ኡባህ፣ ከመጨረሻዋ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል፣
"የእሷ" ለማለት፤ ሕጉ እንዲያ ነው የሚል።
የሳጥኑ ቁጥር አንድ። ለዝርያው ሁሉ ምስክር፣
ሌላ እስኪገኝ ድረስ ብቻዋን የምትቆጠር።

ሌሊት ከደንገጎ በኩል ዝናብ ወረደ፤
መጀመሪያ የአቧራ ሽታ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ላይ፣
ከዚያ በከዚራ መብራት ዙሪያ አየሩ በክንፍ አበደ።
ጠዋት መሐቡባ የመስኮቱን ደፍ ስትጠርግ፣
"እንደ አሸን" አላለችም፤ አሸን ነበርና።
ከጥራጊው አንዲት ክንፍ ለመንኳት።
በአጎቴ መነጽር፣ ወደ ብርሃኑ አቅንቼ፣ አየኋት፦
ሦስተኛው ጅማት፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቋረጥ፣
ጫፍ ደርሷል።