የክኒን ፖስታ

ኮምቦልቻ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ክኒን እየቆጠርሁ፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በትንሽ ፖስታ ላይ
ለማያነብ ሁሉ ስሥል ኖርሁ ፀሐይ።
አንድ ፀሐይ ለጧት፣ አንዱን ለቀን ስሥል፣
ጨረቃዋን ለማታ፣ የጥፍር ቁራጭ ያህል።

አንድ ሰኞ ማታ፣ ከባቲ ተመልሳ፣
ጦይባ ቆመች ፊቴ፣ የገበያ አቧራ ለብሳ።
«ያንቺ ፀሐይ» አለች፣ ፖስታውን ገልብጣ፣
«ደመና የዋለ ለት በየት በኩል ትውጣ?
ሕፃን ነኝ እንዴ እኔ፣ ሥዕል የሚሰጠኝ?
ቃሉን ጻፊልኝና ማንበቡን አስይዥኝ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሹመትም አልነበር፣
አበልም የለበት፤ ቁልፉም የይማም ብድር፣
የወፍጮ ቤቱ ሰው። ሞተሩ ሲተኛ
ማክሰኞና ዓርብ ማታ የምንሰበሰብ እኛ፦
ዘጠኝ ሴት፣ ሁለት ወንድ፣ አንድ የደከመ አምፖል።
ሰሌዳ አልነበረንም፤ ዱቄቱ ግን ሞልቷል፣
አግዳሚው ላይ፣ ሚዛኑ ላይ፣ የሰው ጉልበት ላይ፤
በጣት ጻፍንበት ሀን፤ እፍ ሲሉት፣ ባዶ ሰማይ።

አስረበብ ጠየቀች፣ ፀጉሯን ጥጥ እንዳለበሰው፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቀጥታ የመጣች ሰው፦
«ሀ፣ ሐ፣ ኀ ትይናለሽ። ድምፁ አንድ ከሆነ
ሁለቱን ምን አመጣው? ማንስ አባከነ?»
መልስ አልነበረኝም፤ ኮሌጅም አልነገረኝ።
«የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ብዬ ዋሸሁ መሰለኝ።
«ባባት ነው የሚለዩ» ሲል ይማም ከደጅ ሆኖ፣
ሳቁ ዱቄት አነሣ፣ አስነጠሰን ተኖ።

ሙሄ ብቻ አልሣቀም። ከኋላ ተቀምጦ፣
አርባ ዓመት በጆንያ ጫንቃው ተላልጦ፣
«እኔ» አለ «የምፈልግ የፈረንጁን ፊደል፤
ጀርባዬ ላይ ሲሄድ የኖረውን ቃል።»
ይዞም መጣ በዓርቡ፣ ከአልጋው ሥር ጎትቶ፣
የሰባ ሰባትን ጆንያ፣ ፊደሉ ግማሽ ሞቶ።
ኤን፣ ኦ፣ ቲ። ጣቴን ተከተለው በጣቱ።
«ኖት።»
ከንፈሩን ላሰ።
«ፎር።»
ላብ ወረደ ከግንባሩ።
«ሴል።»
«ምን ማለት ነው?» አለኝ።
«አይሸጥም ማለት ነው።»

ወፍጮው ቆሞ ሳለ የወፍጮ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።
«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ «በበሬዬ ነው የገዛሁት።
ዳማውን ሰጥቼ።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ጆንያውን በአራት አጠፈው፣ እንደ መስገጃ፣
ጠርዙን ከጠርዙ እያገናኘ።
የዚያን ለት ትምህርት በዚሁ አበቃ።

እውነቱን ልናገር፣ ሁሉም አልዘለቀም።
አንዷን ባሏ ከልክሏት ደጅም አልታየችም፤
አንዷ ጅዳ ሄደች፣ ስሟን ብቻ አጥንታ፣
ውሏ ላይ ፈረመች፣ በቀለም ጣት ፈንታ።
ውሉ ግን ዓረብኛ ነው። ያን አላስተማርኋትም።
ቦርከና ሲሞላ ከወዲያ ማዶ የሚመጡት ቀሩ፤
ረመዷን ሲገባ ዘጋን፤ ከዒድ ወዲያ ሦስቱ አልዞሩ።
እኔም ሰው ነኝ፤ ቆሜ ውዬ እግሬ ሲያብጥ
ጮህሁባት አስረበብን፣ «ለ»ን ስትገለብጥ።
አልተቀየመችኝም። «ከፈረቃ ስወጣ
ፊደሉ ክር ይሆናል» አለች «ዓይኔ እስኪመጣ።»

ትናንት ጦይባ መጣች። ጽፌ ሰጠኋት፦
በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።
አነበበችው፣ ጣቷ ከሥር ከሥር እየሄደ፣
ጭቃ ላይ ድንጋይ እየመረጠ እንደሚረግጥ ሰው፤
«ምግብ» ላይ ትንሽ ቆማ፣ ተሻገረችው።
ጎሽ ልላት አፌን ስከፍት
ፖስታውን መለሰችልኝ፣ «ፀሐይ ሣይበት።»
«ምነው ጦይባ?»
«የኔ አይደለም። የሞሚና ነው፣ የጎረቤቴ።
ነይ ብያት ነበር፤ አርጅቻለሁ አለች፣ ያውም በኔ ታላቄ።»
እስክሪብቶ ሳነሣ ከእጄ ላይ ቀማችኝ፣
ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤
ሁለት ፀሐይ ሣለች፣ አንድ ጨረቃ፣
ከያንዳንዱም ሥር፣ ትንፋሿን ውጣ፣
ጧት። ቀን። ማታ።

«ታ» ወደ ቀኝ ዘማለች፣ ልትወድቅ ነው የምትመስል።
አላረምኋትም።