ተቀዳህ

ከመስኮቴ ማዶ ወደቡን ጉም በላው፣
የግዳንስክ ኅዳር ሁልጊዜም እንዲህ ነው።
ሻዬ በረደብኝ፤ ሰማንያ አራት ፊት
ተደርድሮ ቆሟል በስክሪኔ ስፋት፣
ለአንድ የክሬን ወንበር፣ ለሌሊት ፈረቃ።
ማሽኑ ይጠይቃል፤ ዘጠና ሰከንድ ነው፤
አይለማመጡትም፤ አፍ እንደተከፈተ፣ በቃ።

ቲሞን ይወደዋል።
ወጣት ነው፤ ከጎኔ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል።
«ዳኑታ፣ ፍትሕ ማለት ይሄ ነው» ይለኛል፣
«አንድ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፣ ለሁሉም።
ፊት አይቶ ማድላት ቀረ።»
ቀረ? አንተ ሞኝ፣
ቀኑን ሙሉ የማየው ፊት አይደል?

እውነቱን ልናገር፤
በአሥረኛው ሰከንድ ፈርጄ ጨርሻለሁ።
መጋረጃ አያለሁ። ያልተነጠፈ አልጋ፣
የተላጠ ግድግዳ።
ሠላሳ ሦስተኛዋ ሴት ስትናገር
ከኋላዋ በሩ ገርበብ አለና ድመት ገባ፤
ስለ ሃይድሮሊክ ካለችው አንድ ቃል አልያዝኩም፣
ድመቷን ግን መንገድ ላይ ባገኛት እለያታለሁ።
ሲሰለቸኝ ደግሞ አፋጥናቸዋለሁ፤
በአንድ ተኩል ፍጥነት
የሰው ዕድሜ እንደ ወፍ ይንጫጫል።

ድሮ በር ያንኳኩ ነበር።
ካፖርታቸው የዝናብ ሽታ ይዞ ይገባል፤
ብረት የለመደ መዳፍ ስጨብጥ
መዳፉ ራሱ ይነግረኛል።
ሲጨነቁ ውሃ እሰጣለሁ፤ ሲሳሳቱ እስቃለሁ፣ ይስቃሉ፣
እውነቱን የሚያወሩት ከዚያ በኋላ ነበር።
(አልዋሽም፤ በዚያም ዘመን
ጫማውን አይቼ የመለስኩት ሰው አለ።)

አንተ ግን፣ ሌሼክ፣ ቁጥር አርባ አንድ፣
የተቀዳኸው ከቆመ መኪና ውስጥ ነው።
ምናልባት ቤትህ ጫጫታ ነው፤ ምናልባት ቤት የለህም።
ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።
ንፋስ ሲነሳ ሸክሙ እንዴት እንደሚወዛወዝ ነገርከን፣
እንዴት እንደ ሕፃን
ቀስ ተብሎ መሬት እንደሚተኛ።
«አንድ ጊዜ ታዲያ፣ ከታች ሰው...» ስትል
ሰዓቱ አለቀ።
ማሽኑ ግን አላጠፋህም፤ ብልሽት ይሁን አላውቅም።
ኮፍያህን አወለቅህ። ወደ ሌንሱ ጠጋ አልክና
«ሰው አለ እዚያ?» አልክ።

«አለሁ» አልኩህ።
ጮክ ብዬ። ቲሞን መቆርጠሙን ትቶ አየኝ።
አንተ የጠየቅኸው ሐሙስ ነው፤
እኔ የመለስኩልህ ማክሰኞ።

ተቀዳህ፣ ሌሼክ፤ እስከ አፍ ገደፍህ ተቀዳህ፣
የሚጠጣህ አጣህ።

ከፊቴ ያለው ሣጥን
«የመግባባት ችሎታ፣ ከአንድ እስከ አምስት» ይላል።
«ከታች የነበረው ሰውስ?» ብዬ ጻፍኩበት።
ቀይ በራ፤ ከቁጥር ሌላ አይቀበልም።
ቲሞን ሄደ። ክሬኖቹ
ጉሙ ውስጥ መብራታቸውን አበሩ።
ሣጥኑን ባዶውን ተውኩት።
እንደገና ከፈትኩህ፣
በራስህ ፍጥነት።