ቁጥር አርባ አንድ

ጀህራ ላይ፣ በሐምሌ፣ በክሬኑ ጥላ፣
ነጭ ለባሽ መጣች ሣጥን አንጠልጥላ።
«ለጥናት ነው» ብላ ክንዳችንን ሳበች፣
ላቡን በጥጥ ጠርጋ፣ ደሙን ቀድታ ሄደች፤
እኔ አርባ አንድ ሆንኩ፣ ይመር አርባ ሁለት፣
ብልቃጡ አንገት ላይ በተጻፈ ምልክት።

ይመርን ኩላሊቱ ዘንድሮ ሲከዳው፣
ጥናቱን በስልኬ ፈልጌ ባገኘው፣
ርዕሱ ይነበባል፤ ውስጡ ቁልፍ አለው።
አሥራ ሁለት ዲናር። ለአንድ ቀን ንባብ።
ደሜን ያለ ዋጋ፣ ወዜን በጥጥ ወስደው፣
ደመወዜን አሉኝ፣ ራሴን ላነበው!

ከግርጌው አድራሻ «አርባ አንድ ነኝ» ብዬ ጻፍኩላት።
በሌሊት ላከችው፤ በነጻ።
መዝገበ ቃላት ይዤ እስኪነጋ ቆፈርኩት።
ሃያ ሁለት ገጽ ነው። «ምን ይላል?» አለ ይመር።

ውሃ፣ ጥላ፣ እረፍት።